ኔት ሲጠፋ የማይጠፋው የቱ አፕ ነው?

የዴም ሹፌር ክርክር አይጠፋውም። ድሮ የሚያከራክረው የራክሻ ሞተርና የአምጃድ ጎማ ነበር፤ አሁን የስልክ ካርታ ሆኗል። አንዱ «ጉግል ማፕን የሚያህል የለም» ይላል፤ ሌላው በማፕስ ሚ ይምላል፤ ዱባይ ወይም ሪያድ ሠርቶ የመጣው ደግሞ ዌዝን ያስቀድማል። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተነሳው ጦርነት ብዙዎቻችንን ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ መተማና ጎንደር፣ ወደ ጁባና ካይሮ ሲበትነን ክርክሩም አብሮን ተሰደደ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሱዳን ውስጥ ሒሳባችን የሚሄደው በእሱ ስለሆነ።)

ችግሩ ክርክራችን በማይረባው ነገር ላይ ማተኮሩ ነው። የማን ካርታ ደማቅ ነው፣ የማን አፕ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ያደርሳል እንባባላለን። ዕቃ ጭኖ ወይም ሰው አሳፍሮ በሁለት አገር መካከል ለሚመላለስ ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ኔት ሲቋረጥ የትኛው ይቀጥላል? የቦታው ስም ከሌላ ቦታ ጋር ሲመሳሰል እንዴት ልለየው? መንገዱ ሲዘጋስ ማን ይነግረኛል? እኔ የምለው፣ ለመጀመሪያው ጥያቄ ኦፍላይን የሚሠራ አፕ፣ ለሁለተኛው ቁጥር፣ ለሦስተኛው ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። ሦስቱንም ከአንድ አፕ የሚጠብቅ ሹፌር አንድ ቀን መንገድ ላይ ይቀራል።

አፖቹ

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ ሰው «ኔት ከሌለ ጂፒኤስ አይሠራም» ይላል። ይሠራል። ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው፤ ምልክቱን ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይቱ ምንም አይልክም። ሲም ካርዱን ብታወጡትም ቦታችሁን ያገኛል። ኔት ከሌለ የመጀመሪያውን ምልክት ለመያዝ ትንሽ ይዘገያል፤ ስለዚህ ሰማዩ በሚታይበት ቦታ ቆማችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁት። ኔት የሚያስፈልገው ለካርታው ነው። ሰማያዊዋ ነጥብ ባዶ ወረቀት ላይ ቆማ ስታዩ የጠፋው ጂፒኤሱ አይደለም፤ ያልወረደው ካርታው ነው።

ጉግል ማፕ፣ ኔት ባለበት ከተማ ውስጥ፣ ተወዳዳሪ ያለው አይመስለኝም። ፋርማሲው፣ ሆቴሉ፣ የሱቁ ስልክ ቁጥር ሳይቀር እሱ ጋር አለ። አካባቢ መርጦ አስቀድሞ ማውረድም ይቻላል፤ ብዙው ሰው ግን አያደርገውም። ያወረደውም ቢሆን ሁለት ነገር ይወቅ። ጉግል ማፕ ኦፍላይን ሲሆን የመኪና መንገድ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የእግር መንገድ የለም፣ የትራፊክ መረጃ የለም፣ አማራጭ መንገድም አያቀርብም። የወረደው ካርታ ደግሞ ቀን አለው፤ ካላደሳችሁት ጊዜው ያልፍበታል።

ዌዝን ጉግል በ2013 ገዝቶታል። ሹፌሮች አደጋውን፣ ጉድጓዱን፣ ፖሊሱን እርስ በርስ የሚነጋገሩበት አፕ ስለሆነ ብዙ ተጠቃሚ ባለበት ከተማ ደስ ይላል። ተጠቃሚ በሌለበት ግን ሰው ያልመጣበት ስብሰባ ነው። አዲስ መንገድ ለማውጣትም ኔት ይፈልጋል። ለሪያድ የሚስማማው ለገዳሪፍ መንገድ ይስማማል ማለት አይደለም።

ማፕስ ሚ፣ ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ ካርታቸውን የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ በ2004 እንግሊዝ አገር ተጀምሮ እስከ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች ከሚሳለው ኦፕን ስትሪት ማፕ። እነዚህ ከመጀመሪያውኑ ኦፍላይን እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው። ሱዳንን፣ ኢትዮጵያን፣ ደቡብ ሱዳንን ዋይፋይ ባለበት ቦታ ታወርዳላችሁ፤ ከዚያ በኋላ በመኪናም በእግርም ይመሯችኋል። ኦርጋኒክ ማፕስ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ኦስማንድ ብዙ ነገር ይችላል፤ ለጀማሪ ግን ይወሳሰባል፣ በነፃ የሚሰጠው የካርታ ብዛትም የተወሰነ ነው። የሦስቱም ጉድለት አንድ ነው፤ የሱቅና የድርጅት ስም ከጉግል ያነሰ ነው፣ ፍለጋው ላይም ስሙን በትክክል ካልጻፋችሁ ዝም ይላሉ።

ለራክሻ ነጂ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። አፖቹ መንገድ የሚያሰሉት ለመኪና ነው። ራክሻ የምታልፍበትን ጠባብ የዴም መንገድ ዘለው በትልቁ ዘለጥ ያዞሯችኋል። ከኦፍላይኖቹ በአንዱ የእግር መንገዱን አስከፍታችሁ ብታዩ ውስጥ ለውስጡ ይወጣል። የእግር መንገድ ግን ለእግረኛ የተሰላ ነው፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበትን መንገድ አይለይላችሁምና ዓይናችሁን ክፈቱ።

ድምፁንም እንዳንረሳ። አፑን በአረብኛ ያደረገ ሰው «ኢንዓጢፍ የሳረን» ሲለው ግራ ይገባዋል። ዴም ውስጥ አረብኛ የተማረ ሰው የሚያውቀው «የሚን»፣ «ሸማል»፣ «ጊዳም» ነው፤ «የሳር» የመጽሐፍ አረብኛ ነው። ድምፁን አጥፍቶ ቀስቱን ማየት ይሻላል፤ ወይም አጠገብ የተቀመጠው ሰው ያንብብ።

ኦፍላይንን ለምን አስቀደምኩ?

የምንነግድበትን መንገድ የኔት ታሪክ እንቁጠረው። ጁን 3 ቀን 2019 ካርቱም ላይ የተቀመጠው ሰልፈኛ በኃይል ሲበተን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ እስከ ጁላይ 9 ድረስ አልተከፈተም። ኦክቶበር 25 ቀን 2021 በመፈንቅለ መንግሥቱ ዕለት እንደገና ተዘጋ፤ የተመለሰው ኖቬምበር 18 ነው። በመካከሉ ለተማሪዎች ፈተና ሲባል ለሰዓታት የተዘጋባቸው ቀናት አሉ። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት የዛይን፣ የሱዳኒና የኤምቲኤን ኔትወርክ በአብዛኛው አገር ጠፋ፤ ሰው ስታርሊንክ ያለው ቦታ እየሄደ ለኔት በሰዓት ይከፍል ጀመር።

ከድንበሩ ወዲህስ? በኦገስት 2023 አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ስታዩት፣ ከጎንደር በአይከል፣ በገንዳ ውኃ አድርጎ መተማ ዮሐንስ የወረደ፣ ከዚያም በገላባት፣ በዶካ አልፎ ገዳሪፍ የሚገባ ሰው በሁለቱም ወገን ኔት የሌለበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ሰላም በሆነበት ቀን እንኳ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም መተማ ላይ ሥራውን ጨርሶ የሱዳኑ ሲም እስኪጀምር ድረስ ስልኩ በድን ነው። ቀድሞ ያላወረደ ሰው እዚያ ላይ ስልኩን ቢያየው ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ አፕ ስታወዳድሩ ቀላል ፈተና ስጡት። ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ዳታውን አጥፉ፤ ከዴም ወደ ሱቅ ሊቢያ፣ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት መንገድ ጠይቁት። ካወጣ ያዙት። ካላወጣ ለከተማ አስቀሩት። በመንገድ ላይ ከመጨነቅ አምስት ደቂቃ ቤት ውስጥ መሞከር ይቀላል።

ስም አትላኩ፣ ቁጥር ላኩ

ሁለተኛው ጉዳይ ስም ነው። «ዴም» ብላችሁ ፈልጉ። ካርቱም ውስጥ ራሱ ዴሙ አንድ አይደለም፤ ምሥራቁ አለ፣ ምዕራቡ አለ። ፖርት ሱዳን ውስጥ ዴም መዲና፣ ዴም አረብ የሚባሉ ሰፈሮች አሉ። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ደግሞ ዴም ዙበይር የሚባል ከተማ አለ። ገዳሪፍን እኛ በ«ገ» እንጠራዋለን፤ በአረብኛ የሚጻፈው በቃፍ ስለሆነ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ካርታ በጂ፣ ሌላው በኪው ያስቀምጠዋል። ሸሂዲና ገንዳ ውኃ አንድ ከተማ መሆናቸውን የማያውቅ ሰው ካርታው ላይ ሁለት ከተማ ሲፈልግ ይውላል። «ባሽዳር ጋ ጠብቀኝ» ያላችሁት ሰው ዴምን ካላወቀ ባሽዳር ሱቅ ይሁን ሰው ይሁን የአውቶቡስ መቆሚያ አያውቅም። አዲስ አበባም ያው ነው፤ «ሃያ ሁለት ማዞሪያ» የሚለውን ሁሉም ያውቃል፣ የመንገዱን የወረቀት ስም ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ይህ ቀልድ የሚመስለው ሰው ካለ ብራዚልን ይመልከት። በኦክቶበር 2015 ሪዮ ዴ ጄኔሮ አጠገብ ኒተሮይ በምትባል ከተማ ባልና ሚስት አንድ ጎዳና ፈልገው ዌዝ ላይ ስሙን አስገቡ። ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ መንገድ የታጠቁ የዕፅ ነጋዴዎች በያዙት ሰፈር ውስጥ ነበረ፤ አፑም ወደዚያ ወሰዳቸው። መኪናቸው ላይ ተተኮሰ፣ ሚስቲቱ ሞተች። አፑ የተጠየቀውን ስም አገኘ፤ ሰዎቹ የፈለጉትን ቦታ ግን አላገኘም። ስንት የታጠቀ ኬላ ባለበት አገር የምንነዳ ሰዎች ይህን ልናልፈው አይገባም።

መፍትሔው የቦታውን ቁጥር መላክ ነው። ጉግል ማፕ ላይ ጣታችሁን ቦታው ላይ ስታቆዩ ነጠብጣብ ያላቸው ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ የመጀመሪያው ወደ ሰሜን፣ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ያለውን ይነግራል። በሌሎቹም አፖች አለ። የዚህ ቁጥር ትልቁ ጥቅም ኔት አለመፈለጉ ነው። በኤስኤምኤስ ይሄዳል፤ በስልክ ይነበባል፤ ወረቀት ላይ ይጻፋል። በዋትስአፕ የሚላከው ፒን ኔት ሲጠፋ አይደርስም፤ ቁጥሩ ግን ተራ ስልክ እስከሠራ ድረስ ይደርሳል።

ቁጥሩን ተቀብላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ከነጥቡ በፊት ያለውን ብቻ እዩ። 15 እና 32 ከሆነ ካርቱም ነው። 14 እና 33 ወድ መደኒ፣ 14 እና 35 ገዳሪፍ፣ 15 እና 36 ከሰላ፣ 19 እና 37 ፖርት ሱዳን ነው። 12 እና 36 ከሆነ መተማና ገላባት፣ 12 እና 37 ከሆነ ጎንደር ነው። ካርቱም ላለው ዴም የተላከላችሁ ቁጥር በ19 ከጀመረ የፖርት ሱዳኑን ልኮላችኋል ማለት ነው፤ ደውሉለት። ቅደም ተከተሉንም አትገልብጡ፤ የካርቱምን ቁጥር ገልብጦ የጻፈ ሰው ሊቢያ ጠረፍ ላይ ሚስራታ አጠገብ ይወጣል።

ይህ ለቤተሰብም ነው። መንገድ ላይ ያለ ልጁ የት እንደደረሰ የሚጨነቅ አባት፣ ባሏን የምትጠብቅ እህት፣ «ደርሻለሁ» ከሚል መልእክት ይልቅ ቁጥሩ ቢደርሳቸው ይሻላል። ያደረበትን ቦታ ቁጥር በኤስኤምኤስ የላከ ሹፌር፣ አንድ ነገር ቢደርስበት የሚፈልገው ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ቤት ያለውም ሰው ቁጥሩንና የመጣበትን ሰዓት ደብተር ላይ ይጻፍ።

አፑ የማያውቀው

ሦስተኛው ነገር ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ካርታ የሚያውቀው የወረደበትን ቀን ድረስ ነው። ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ በድልድይ የተያያዙ ሦስት ከተሞች ናቸው፤ ድልድይ ሲሄድ የከተማው መንገድ ሁሉ ይለወጣል። ኦምዱርማንን ከባሕሪ የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ በኖቬምበር 2023 በጦርነቱ ተመቶ ተቆረጠ። ከዚያ በፊት ካርታውን አውርዶ ያላደሰ ስልክ ግን ዛሬም ቢሆን «ድልድዩን ተሻገር» ብሎ በልበ ሙሉነት ይመራል።

ኔት ያለው የትራፊክ ካርታስ? እሱም የሚያውቀው ከስልኮች የሰበሰበውን ነው። በ2020 በርሊን ውስጥ ሲሞን ቬከርት የሚባል አርቲስት 99 ስልኮች በአንድ የእጅ ጋሪ ጭኖ ባዶ መንገድ ላይ ቀስ እያለ ጎተተ፤ ጉግል ማፕም መንገዱን ቀይ አድርጎ መኪና የተጨናነቀበት አስመሰለው። ይህን ወደ እኛ ገልብጡት። ስልክ የበዛበትን ባዶ መንገድ የተጨናነቀ ነው ካለ፣ ስልክ የሌለበትን አደገኛ መንገድ ምን ይለዋል? ምንም አይለውም። ተኩስ ያለበት መንገድ ላይ መኪና የለም፤ መኪና ከሌለ ቀይ መስመር የለም። ቀይ የሌለበት መንገድ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ የሚነዳ ሰው ካርታውን ያላለውን እያነበበበት ነው።

ስለዚህ ሰው ይጠየቅ። ትናንት የመጣ ሳይሆን ዛሬ ከዚያ የመጣ ሹፌር ይጠየቅ። መናኸሪያ ላይ፣ ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ጋ፣ ነዳጅ ማደያው ላይ። ጥያቄውም «መንገዱ እንዴት ነው?» ከሆነ መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ይሆናል። «በስንት ሰዓት አለፍክ? ስንት ኬላ አገኘህ? ስልክ ይፈትሻሉ? ጭነት ያለው መኪና አልፏል?» ብላችሁ ነጥለው ጠይቁ።

ስልክ ካልን፣ በዚህ ጦርነት ኬላ ላይ ስልክ እንደሚፈተሽ ሁላችንም እናውቃለን። ካርታው ላይ ያስቀመጣችሁት ምልክት፣ የሄዳችሁበትን መንገድ የሚመዘግበው መስመር፣ የድልድይና የካምፕ ፎቶ ሌላ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። የማያስፈልገውን ምልክት ከመነሳታችሁ በፊት አጥፉ፤ መመዝገቢያውን ዝጉ፤ ኬላ ሲቃረብ ስልኩን ከመስታወቱ ላይ አንሱ።

«እኛ ያለ አፕ ነድተናል»

ይህን የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ከመተማ ገዳሪፍ ያለውን መንገድ በክረምት ጭቃ ስንት ጊዜ ያመላለሱ ሰዎች ያላቸውን እውቀት ማንም አፕ የለውም። ነገር ግን ሁለት ነገር ልመልስላቸው። አንደኛ፣ የሚጠየቅ ሰው በሌለበት ሌሊት አዲስ ሹፌር ምን ያድርግ? ሁለተኛ፣ እነሱ የሚያውቁት በእነሱ ራስ ውስጥ ነው ያለው። ጦርነቱ ሲበትነን ያ ሁሉ እውቀት ከእነሱ ጋር ወደ ካይሮና ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ለተተኪው የቀረለት የለም።

እውቀቱ እንዲቀር ከፈለግን ካርታው ላይ እናስቀምጠው። ኦፕን ስትሪት ማፕን ማንም ሰው መዝገቦ ማረም ይችላል፤ ያረማችሁት ኋላ ካርታቸውን ባደሱ በማፕስ ሚ፣ በኦርጋኒክ ማፕስና በኦስማንድ ተጠቃሚዎች ስልክ ላይ ይወጣል። በጃንዋሪ 2010 ሄይቲ ውስጥ ርዕደ መሬት ሲደርስ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የፖርቶ ፕሪንስን ጎዳናዎች በዚሁ ካርታ ላይ በጥቂት ቀን ሥለው ለነፍስ አድን ሠራተኞች አድርሰዋል። እኛ ደግሞ የምንነዳበትን መንገድ ከሳተላይት ፎቶ መገመት አያስፈልገንም፤ በጎማችን እናውቀዋለን።

አንድ ቦታ በዚህ ካርታ ላይ ስሙን በአረብኛም በአማርኛም በእንግሊዝኛም መያዝ ይችላል። ገላባት በአማርኛ ቢጻፍ፣ ሸሂዲ ከገንዳ ውኃ ጎን ቢቀመጥ፣ ጎሚስታው፣ ማደያው፣ ፋርማሲው፣ የጉምሩኩ በር፣ በክረምት የሚቆረጠው ኮረኮንች ቢመዘገብ ስንት ሰው ይድናል! ጥንቃቄው ግን ይህ ነው፤ የሰው ቤት አይመዝገብ፤ ሐበሻ የሚሰበሰብበት ቦታ አይመዝገብ። ካርታው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ለእኛ ደግ ለማይመኘውም ክፍት ነው።

ለዚህ ኮሚቴ አያስፈልግም። አንድ ሹፌር በሳምንት አንድ ቦታ ቢጽፍ ይበቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው?

እንግዲህ ክርክሩ ይቀጥል፤ ግን በሚረባው ላይ ይሁን። ለከተማ ጉግል ማፕን ያዙ። ለረጅሙ መንገድ ከኦፍላይኖቹ አንዱን ጨምሩ፤ የሁለቱንም አገር ካርታ አውርዱ፣ በየወሩ አድሱት። የምትሄዱበትን ቦታ ቁጥር ስልካችሁ ላይም ወረቀት ላይም ጻፉ፤ ስልኩ ቻርጅ ሲጨርስ ወረቀቱ አይጨርስም። ከዚያ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ዛሬ ከዚያ የመጣውን ሹፌር ፈልጉ። እሱ «አትሂድ» ካለ አፑ «ሂድ» ቢልም አትሂዱ።